ሁለት እጅ ብርማ ቀለም

ዓለምብርሃን ሱቁን የሚከፍተው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ትጉህ ሆኖ አይምሰላችሁ። ጅቡቲ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ሰው የሚሠራባት ከተማ አይደለችም። ካምሲን የሚሉት ነፋስ ከበረሃው ተነሥቶ ፊት ይለበልባል፣ መብራት ይጠፋል፣ ማራገቢያው ቀጥ ይላል፣ ሰውም ከማራገቢያው ጋር አብሮ ቀጥ ይላል። ስለዚህ በእነዚያ ወራት የዓለምብርሃን ሥራ በጠዋት ሦስት አራት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ የቀረው ቀን በጀርባ ተንጋሎ ጣሪያ ማየት ነው።

ሱቁ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከዙለይካ ልብስ ስፌት ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ዙለይካ የእናቷ ወገን ከየመን የሆነ የከተማው ተወላጅ ናት፤ ዐረብኛ፣ ሶማልኛና ፈረንሳይኛ በአንድ ትንፋሽ ታቀላቅላለች። ከአማርኛ የምታውቀው «ቆይ» የሚለውን ብቻ ሲሆን እሱንም የተማረችው ከዓለምብርሃን ነው። እዚያ ቤት የገባ ደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው «ቆይ» ነውና። የመርከብ ሬዲዮ፣ የዲሽ ሪሲቨር፣ የሾፌር ስልክ፣ የማይመጣ ነገር የለም። እሱም ሁሉንም ያይና ይተነፍሳል፣ መነጽሩን ያደርጋል፣ «ቆይ» ይላል።

ድሮ አሰብ ላይ የባሕር ኃይል የራዳር ቴክኒሽያን ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሁሉ ነገር ሲፈርስ ከነዩኒፎርሙ በመርከብ ጅቡቲ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ድንበሩን ተሻግሮ አያውቅም። መጀመሪያ ፈርቶ ነው። ቀጥሎ እናቱ ሞታ ሳይቀብራት ቀረ፤ ያን ጊዜ ደግሞ አፈረ። ፍርሃቱም እፍረቱም ካለፉ በኋላ አለመሄድ ልማድ ሆነበት። ሚስቱ ፀዳል የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ እዚሁ ተዋውቀው ከተጋቡ አሥራ ስድስት ዓመታቸው። በየዓመቱ ሙቀቱ ሲገባ «ዓለሜ፣ ዘንድሮ ጠቅልለን እንግባ» ትለዋለች። እሱ «ይህቺ ሙቀት ትለፍና» ይላታል። ሙቀቷ ታልፋለች፣ እሱ ይረሳል፣ እሷ አትረሳም። በተጋቡ ዓመት ለመግቢያ ብላ የሠራችለት የሱፍ ሹራብ እስከ ዛሬ በሻንጣ ውስጥ በናፍታሊን ታሽጎ ተቀምጧል። ጅቡቲ ውስጥ ሹራብ ያለው ሰው እኔ ብቻ ነኝ እያለ ይቀልድባታል።

በ2004 ዓ.ም. ሰኔ ውስጥ አንድ ጠዋት ጉዲና መጣ። ጉዲና በአዲስ አበባና በጅቡቲ መካከል ተሳቢ የሚነዳ፣ አርባ ዓመት የሞላው፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። አንዲቱን መኪና አሥራ አንድ ዓመት ነድቷታል። ወንበር ላይ ተቀመጠና እንዲህ አለ።

«ጋሽ ዓለም፣ እኔ እኮ የትም አልሄድኩም። ራስ ዲካ፣ ወደቡ አጠገብ ሰልፍ ላይ እንደ ቆምኩ ነው የምጠፋው።»

ነገሩ ይህ ነው። ጉዲና የሚሠራበት የጭነት ድርጅት መኪና የት እንዳለ ከሰማይ እየተቀበለ ለአዲስ አበባ የሚያሳብቅ ጂፒኤስ አስገጥሟል። አሮጌዎቹ ላይ አንቴናው ጣሪያ ላይ ሆኖ ሣጥኑ ድረስ የሚወርድ ረጅም ሽቦ ነበረው። ሽቦ ይበጠሳል፤ አንዳንዱንም ሾፌር ራሱ ይበጥሰዋል። ስለዚህ አምስት መኪናዎች ላይ አዲስ ዓይነት መጣ። ሽቦ የለውም፤ ሣጥኑ በማኅተም ተዘግቶ ከጣሪያው ሥር ተቀምጧል፣ የሻይ ስኒ አፍ የምታክል አንቴና ደግሞ ከላይ በቀጥታ ትገጠምበታለች። ብልህ ሥራ ነው፤ ወደቡ አጠገብ እስኪቆም ድረስ። ወደቡ ላይ የሚያርፉ መርከቦች በነጭ ጉልላቶቻቸው ከራሳቸው ሳተላይት ጋር ያወራሉ፣ ጩኸታቸውም የጂፒኤሱን ሞገድ ጎን ለጎን ይታከካል። ያቺ ትንሽ አንቴና ሁሉንም አብራ ታስገባለች፤ ሣጥኑም ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል የሰማዩን ሹክሹክታ መለየት ያቅተዋል። አዲስ አበባ ስክሪኑ ላይ መኪናዋ ለአምስት ለስድስት ሰዓት ድራሿ ይጠፋል።

የስምሪት ኃላፊው አቶ ባንቴ ደግሞ መርከብ አይቶ የማያውቅ፣ ናፍጣ የሚሸጥ ሾፌር ግን ብዙ ያየ ሰው ነው። አንቴናውን ነቅለው ናፍጣ ሊቸበችቡ ሄደው ነው ብሎ ደመደመ። ሁለት ሾፌሮች ተባረሩ። ጉዲና ሁለት ማስጠንቀቂያ ደርሶታል፤ ሦስተኛ ጊዜ ከጠፋ ቁልፉን ያስረክባል። ሲለምነው ባንቴ አንድ ነገር ፈቀደለት፤ የሣጥኑ ማኅተም ካልተነካ አንቴናዋን በራሱ ሊያስቀይር ይችላል። መኪናዋ ማርሽ ተበላሽቶባት ከከተማው ውጭ ማቆሚያ ውስጥ ቆማለች፤ ዕቃው እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። የጉዲና ዕድሜ ያቺ ሦስት ሳምንት ናት።

ዓለምብርሃን ሕመሙን ወዲያው ዐወቀው። መድኃኒቱ ፊልተር ነው፤ የተፈለገውን ሞገድ አሳልፎ የቀረውን የሚመልስ። ባሕር ኃይል ቤት ቢሆን ጫማ ሣጥን የሚያክል ፊልተር ለብቻው ያስቀምጥና በኬብል ከአንቴናው ጋር ያገናኝ ነበር። እዚህ ግን ሣጥኑ አይከፈትም፣ ኬብል የሚባል ነገር የለም፣ በሣጥኑና በአንቴናዋ መካከል ጣት አይገባም። ፊልተሩ ያለው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ አንቴናዋ ክዳን ሥር፣ ከራሷ ጋር።

«ቆይ» አለው።

የመጀመሪያውን ሳምንት እንደ ተማረው ሠራ። መዳብ በተለበጠ ሰሌዳ ላይ ሦስት ቀጫጭን ቅጠሎች በምላጭ ቀረጸ፤ እያንዳንዱ ቅጠል እንደ ክራር ጅማት በገዛ ድምፁ የሚነዝር፣ ሦስቱ ተደጋግፈው የማይፈለገውን የሚያስቀሩ። ከአገልግሎት ከወጣች አንዲት መርከብ ባገኘው አሮጌ መለኪያ ፈተሸው፤ ፊልተሩ እንከን አልነበረበትም። አንቴናዋን ለብቻ ፈተሻት፤ እሷም እንከን የላትም። ሁለቱን አጣብቆ ክዳኑን ሲዘጋው ደነቆሩ። ከፈተ፣ ሰሙ። ዘጋ፣ ደነቆሩ። በቅርበት ሲቀመጡ አንዱ የሌላውን ድምፅ ያዛባል። አንቴናዋን ሲያስተካክል ፊልተሩ ይወላገዳል፤ ፊልተሩን ሲያቃና አንቴናዋ ታኮርፋለች።

ስምንት ጠዋት እንዲሁ አለፈ። ጉዲና በየቀኑ ይመጣል፣ ምንም አይጠይቅም፣ በር ላይ ቁጢጥ ብሎ የዙለይካን ቁርጥራጭ ጨርቅ ይጠቀልላል። ያ ዝምታ ከጭቅጭቅ ይከፋል። ዓለምብርሃን ደክሞታል፤ ዓይኑ ደክሟል፣ ወገቡ ደክሟል፣ ከሁሉ በላይ የሰው ተስፋ መሸከም ደክሞታል። ፀዳል ቁርስ ስታመጣ እያየችው፣ እንደው የማትችለው ከሆነ ንገረውና ቁርጡን ይወቅ አለችው። ሊነግረውም ወስኖ ነበር።

ዘጠነኛው ቀን ክዳኑ አልገጥም አለ። ሦስተኛው ቅጠል ጠርዝ ላይ ይነካል። ዓለምብርሃን ተናደደና ቅጠሉን በምላጭ ቆርጦ ጣለው፤ ሊያሻሽል አይደለም፣ እልሁን ሊወጣ ነው። ክዳኑን ዘጋ። መለኪያው ላይ ለስምንት ቀን ጎብጦ የኖረው መስመር ቀጥ ብሎ ተነሣ።

ቁጭ ብሎ ብዙ አየው። አንቴናዋም እኮ የምትነዝር ቅጠል ናት። ሦስተኛ አያስፈልግም ነበር፤ ሦስተኛዋ ራሷ ናት። ሁለቱን ለየብቻ ፍጹም አድርጎ ማገናኘት ሳይሆን፣ ከመጀመሪያው እንደ አንድ ዕቃ መሥራት ነበር ነገሩ። ለብቻቸው ቢመዘኑ ሁለቱም ጎዶሎ፣ አብረው ሲዘጉ ግን ልክ። ሃያ ምናምን ዓመት በዚህ ሙያ ሲኖር ማንም አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም። ደስ አለው፤ ግን ደስታውን የሚያወጣበት ጉልበት አልነበረውም። በቀረው ጊዜ ርዝመታቸውን በጥቂት በጥቂቱ እየሞረደ አለማመዳቸው።

በሐምሌ መጀመሪያ መኪናዋ ተነሣች። ቅዳሜ ጠዋት ራስ ዲካ ሰልፍ ላይ፣ ሁለት ትልልቅ መርከቦች ባረፉበት ፊት ለፊት አንቴናዋን ገጠሙ። አዲስ አበባ ስክሪኑ ላይ የምትቀመጠው ሱሪያ የምትባል ልጅ ናት፤ ጉዲና በየግማሽ ሰዓቱ ይደውልላታል፣ እሷም «ትታያለህ፣ ጉዲዬ» ትለዋለች። አራት ሰዓት ሙሉ ታየ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሱሪያ ቅዳሜ ስለሆነ ልወጣ ነው፣ ሰኞ በአቶ ባንቴ ፊት እመሰክርልሃለሁ አለችና ዘጋች። ጉዲና ዓለምብርሃንን አቅፎ ትከሻው ላይ ትንሽ ቆየ።

ጭነቱ ሊነሣ ሁለት ሰዓት ቀርቶት ነበር። ዓለምብርሃን ክዳኑን በማጣበቂያ ለማሸግ አንቴናዋን አውርዶ ሱቅ ወሰዳት። አሸጋት። ሙቀቱ ዓይን ያስጨፍናል፤ መብራት ከጠፋ ቆይቷል፤ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ፕላስቲኩን አየው፤ ጨውና ፀሐይ በዓመት ይበሉታል። መደርደሪያው ላይ ከመርከበኛ የተሰጠው የብርማ ቀለም ቆርቆሮ አለ። ወደብ አካባቢ ውጭ የሚያድር ነገር ሁሉ፣ ከጀልባ እስከ በር ማጠፊያ፣ ብርማ ይቀባል። አሰብም እንዲሁ ነበር፤ ቀለም ሳይቀባ መርከብ ላይ የሚወጣ ዕቃ አልነበረም። እጁ ብሩሹን አነሣ። አንድ እጅ ቀባት፣ ነፋሱ ወዲያው አደረቀለት፤ ሁለተኛ እጅ ደገማት። ጉዲና ሲያያት ታምራለች አለ። ገጠማትና ወጣ።

ሰኞ ማታ ስልክ ተደወለ። ጉዲና ነው። መኪናዋ ከጅቡቲ ከወጣች ጀምሮ አዲስ አበባ እስክትገባ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ጊዜም አልታየችም። ድሮ ወደብ ላይ ብቻ ትጠፋ ነበር፤ አሁን መንገዱን ሁሉ ጠፋች። ባንቴ ሱሪያን እንኳ ሊሰማ አልፈለገም። ቁልፉን ተቀብሎታል።

ዓለምብርሃን ለሁለት ቀን ምክንያቱን ሲፈልግ ከረመ። ማጣበቂያው ይሆን፣ የመንገዱ ጉድጓድ ይሆን እያለ ራሱን ሲበላ፣ በሦስተኛው ቀን ጉዲና ገለታ በሚባል ጓደኛው መኪና ተሳፍሮ መጣ። አንቴናዋን ከኪሱ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖራት። በበሩ የገባው ብርሃን ላይዋ ላይ አብረቀረቀ።

ዓለምብርሃን ያን ጊዜ ገባው። ብርማ ቀለም የብረት ብናኝ ነው። አንቴና አይቀባም። ይህን ራሱ፣ በገዛ እጁ ጽሑፍ፣ አሰብ የራዳር ክፍሉ በር ላይ «ፊቷን ቀለም አይንካው» ብሎ ለጥፎ ነበር። አንድ ምልምል ሲቀባ አግኝቶት ሦስት ቀን አስፍቆታል።

ጉዲና ምናልባት አዋሽ ላይ ጉድጓድ ውስጥ ስለገባሁ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን አይቀርም እያለ ነበር። እሺ ጉድጓዱ ነው ቢለው ያምነዋል። ማንም አያውቅም። ዓለምብርሃን ይህችን ሐሳብ አልገፋትም፤ አጠገቡ አስቀምጦ ጥቂት አያት። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«ጉድጓዱ አይደለም። እኔ የቀባሁት ቀለም ነው። አንቴና ላይ ሲቀባ ጆሮዋን እንደ መድፈን ነው። ይህን ከማንም በላይ እኔ አውቀው ነበር፣ ጉዲና። እያወቅሁ እጄ ሠራው።»

ጉዲና አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። አንቴናዋን አንሥቶ በአውራ ጣቱ አሻሻት።

«ስታምር ጊዜ ፎቶ አንሥቼ ለልጄ ልኬላት ነበር» አለ። «ከእንግዲህ አባትሽ አይጠፋም ብዬ።»



ዓለምብርሃን ወዲያው ለባንቴ ደወለ። ማንነቱን ነገረው፣ ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ ነገረው፣ ስለ ቀለሙ አስረዳው። ባንቴ ሳያቋርጥ ሰማውና፣ በስልክማ ሁሉም ሰው መሐንዲስ ነው አለው። ቀጥሎ ግን ሰውየው ክፉ እንዳልሆነ የምታስታውቅ አንዲት ነገር ተናገረ። «አንተ ራስህ ይዘሃት ና። እዚህ ግቢ ውስጥ ዓይኔ እያየ አሳየኝ። እስከ ሰኞ የመባረሪያውን ደብዳቤ አልፈርምም።»

ስልኩን ሲያስቀምጥ ፀዳል በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ የምሳውን ሣህን እንደ ያዘች ሁሉንም ሰምታለች። ጉዲና ግድ የለም ጋሽ ዓለም፣ አይሂዱ፣ እኔ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ ይላል። ፀዳል አልሰማችውም።

«አሥራ ስድስት ዓመት ለምኜህ እምቢ ያልከውን፣ ለሁለት እጅ ቀለም ልትሄድ ነው?»

«የገዛ እጄ ነው፣ ፀዲ።»

ሣህኑን አስቀምጣ ወደ ቤት ሄደች። ተቀየመችኝ ብሎ ሲከተላት ሻንጣውን ከፍታ፣ ሹራቡን እያራገፈች አገኛት። ናፍታሊኑ ቤቱን ሞልቶታል። ሲስቅባት የኖረውን ሹራብ አጥፋ በእጁ ላይ አኖረችለት፤ እሱም ሳይቀልድ ተቀበላት።

ለሃያ አንድ ዓመት ሲሸሸው የኖረው የመግቢያ ወረቀት ኤምባሲው ውስጥ አንድ ጠዋት ብቻ ፈጀ። ማኅተሙን የመታችለት ጸሐፊ እሱ ጅቡቲ በገባበት ዓመት የተወለደች ትመስላለች። ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ይህን ያህል ነበር እንዴ ብሎ ወጣ። ዓርብ በገለታ መኪና ተነሡ፤ ገለታ ይነዳል፣ ጉዲና መሐል፣ ዓለምብርሃን መስኮት ጋ። ድንበሩ ላይ ፖሊሱ ወረቀቱን አይቶ ግቡ አለ። ዓለምብርሃን የሆነ ነገር ይሰማኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ የተሰማው የእግር መደንዘዝ ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ ይዘንባል። የድርጅቱ ግቢ ጭቃ ነው። ባንቴ ጃንጥላ ይዞ በመስኮት የሱሪያን ስክሪን እያየ ቆመ። ዓለምብርሃን ሁለት ክዳን ይዞ መጥቷል፤ የተቀባውን ከማጣበቂያው አላቆታል፣ ማስረጃ ብሎ ግን አልፋቀውም፣ ሌላ ያልተቀባ ደግሞ አዘጋጅቷል። የጉዲና መኪና ጣሪያ ላይ ወጣ። የተቀባውን ሲገጥም ሱሪያ «የለችም» አለች። ያልተቀባውን ሲገጥም ትንሽ ጠበቁና «ይኸው መጣች» አለች። ባንቴ ደግመህ አሳየኝ አለው። ደገመ። የለችም፤ መጣች። ሱሪያም ያን ቅዳሜ ወደቡ ፊት አራት ሰዓት ሙሉ መታየቷን ተናገረች፤ በዚህ ጊዜ ባንቴ ሰማት።

ይቅርታ አልጠየቀም። ዓይነቱ አይደለም። ያቺ መኪና ለሌላ ሾፌር ተሰጥታለች፣ ሊነጠቅ አይገባም አለ። አንቴናዋን እዚያው አስቀራት፤ ለቀሩት አራት መኪናዎችም እንዲሁ እንዲሠራ ዓለምብርሃንን አዘዘው። ከዚያ መሳቢያውን ከፈተና ለጉዲና የሌላ መኪና ቁልፍ ሰጠው። ከግቢው ሁሉ አሮጌዋ ናት፤ በሯ በገመድ የሚታሰር፣ ጂፒኤሷ የድሮው ዓይነት፣ አንቴናዋ ረጅም ሽቦ ያለው ጣሪያ ላይ። እንዲያ ያለው ደግሞ ወደብም ላይ ጠፍቶ አያውቅም። ያ ሁሉ ጠዋት ለዚህች መኪና አያስፈልጋትም ነበር።

ጉዲና ቁልፉን በሁለት እጁ ጨብጦ ዝናቡ ውስጥ አለቀሰ። አሮጌ ትሁን እንጂ መኪና ናት። ለልጄ ልደውል ብሎ ጥግ ያዘ።

ዓለምብርሃን ዘበኛው ቤት ሥር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ፈርቶ መስሎት ነበር፣ ኋላ ብርድ መሆኑ ገባው። ብርድን ረስቶት ኖሯል። ሹራቡን እስከ አንገቱ ሳበና ፀዳልን ደወለላት። ሥራውን መለሱለት አላት። እግዜር ይስጥህ አለችው። እዚያ ማዶ ማራገቢያው ሲሽከረከር ይሰማዋል።

«ይበርዳል?» አለችው በመጨረሻ።

«ይበርዳል።» ዝናቡን ጥቂት አየው። በጣም ደክሞት ነበር፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የት ማረፍ እንደሚፈልግ ያውቃል። «ፀዲ፣ ሙቀቷ እስክታልፍ አትጠብቂ። የሱቁን ቁልፍ ለዙለይካ ስጫትና ነይ።»

ዙለይካ ምን ብላ እንደ ተቀበለቻት ፀዳል ኋላ ነገረችው። ቁልፉን አይታ፣ ሻንጣውን አይታ፣ በምታውቃት አንዲት የአማርኛ ቃል «ቆይ» አለቻት፤ ፀዳል ሄዳ ጥጉ ላይ እስክትታጠፍ ድረስም ደጋግማ አለቻት።